የጊዜን ርቀት የማይጠብቁ ግራፎች፦ በጤና ሪፖርቶቻችንና በምርምር ጽሑፎቻችን ላይ የቀረበ ሂስ

ግራፍ መሥራት ለጤና ባለሙያው ቀላል ሥራ ከሆነ ዓመታት ተቆጥረዋል። ቀድሞ በሚሊሜትር ወረቀት ላይ በማስመሪያና በእርሳስ ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው ሥራ ዛሬ ቁጥሮቹን በኮምፒዩተር መዝግቦ ጥቂት ትእዛዞችን በመስጠት ይጠናቀቃል። በዚህም ምክንያት በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ፣ በሆስፒታሎች የሩብ ዓመት ሪፖርት ውስጥ፣ በሬዚደንቶችና በማስተርስ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ፣ እንዲሁም በሙያ ማኅበራት ጉባኤ በሚቀርቡ ፖስተሮች ላይ ግራፍ የተለመደ ነገር ሆኗል። ይህ በራሱ የሚያስመሰግን ነው፤ ቁጥር አይቶ የሚወስን ባለሙያ ሳያይ ከሚወስን ይሻላልና።

ይሁን እንጂ በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ይሠራ የነበረው ሰው አንድ ነጥብ ከማስቀመጡ በፊት ካሬ መቁጠር ግዴታው ነበር። ልኬቱ የተወሰደው ከቀደመው ልኬት በስንት ወር ወይም በስንት ዓመት ልዩነት እንደሆነ ሳያውቅ እርሳሱን ማሳረፍ አይችልም ነበር። ሶፍትዌሩ ይህን ግዴታ ከሠሪው ላይ አንሥቶለታል። ግዴታው ሲነሣ ጥያቄውም አብሮ ተረሳ። በመሆኑም በእኩል የጊዜ ልዩነት ያልተወሰዱ ልኬቶች በእኩል ርቀት የተደረደሩባቸው ግራፎች በጽሑፎቻችን ውስጥ በርክተዋል። የዚህ ሂስ ዓላማ ይህ ልማድ አንባቢን እንዴት እንደሚያሳስት፣ አልፎም ውሳኔን እንዴት ሊያዛባ እንደሚችል ማሳየትና መፍትሔውን መጠቆም ነው። ልማዱ የብዙዎች ስለሆነ አንድን ተቋም ወይም አንድን ጸሐፊ ነጥሎ መጥቀስ አላስፈለገም።

ችግሩ ከምን ይመነጫል?

በአብዛኞቻችን ኮምፒዩተር ላይ የሚገኘው ኤክሴል የተሰኘው ሶፍትዌር ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ሁለት የተለያዩ የግራፍ ዓይነቶችን ያቀርባል። አንደኛው «ላይን»፣ ሁለተኛው «ስካተር» ይባላሉ። በስክሪን ላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ነጥቦችን በመሥመር ማገናኘት ይችላሉ። በባሕርያቸው ግን እጅግ ይለያያሉ።

«ላይን» የተባለው በአግድሙ መሥመር ላይ የሚጻፈውን ነገር በተለመደው አሠራሩ እንደ ስም ይቆጥረዋል። «2000፣ 2005፣ 2011» የሚሉት ዓመታት ለእርሱ «ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ» ከሚሉት የከተማ ስሞች አይለዩም። ስም በስም መካከል ርቀት ስለሌለው ሁሉንም በእኩል ቦታ ይደረድራቸዋል። «ስካተር» ግን የአግድሙንም የቋሚውንም መሥመር እንደ ቁጥር ስለሚያነብ ነጥቡን የሚያስቀምጠው ቁጥሩ በሚያዝዘው ቦታ ላይ ነው። በ2000 እና በ2005 መካከል አምስት፣ በ2005 እና በ2011 መካከል ስድስት ክፍል ርቀት ይተዋል።

በሌሎቹ ሶፍትዌሮችም ጉዳዩ ተመሳሳይ ነው። በ«አር» ላይ ጊዜው በቁጥርነት ሳይሆን በምድብነት ተመዝግቦ ከሆነ ነጥቦቹ በእኩል ርቀት ይቀመጣሉ፤ በቁጥርነት ከተመዘገበ ትክክለኛ ርቀታቸውን ይይዛሉ። ስለዚህ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ነው ማለት አይቻልም። ሶፍትዌሩ የተነገረውን ይሠራል። ጊዜ ቁጥር እንጂ ስም አለመሆኑን መንገር የሠሪው ፋንታ ነው።

አምስቱ አገር አቀፍ ጥናቶች

ለዚህ ጉዳይ ከኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች የተሻለ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 አራት ሙሉ ጥናቶች፣ በ2019 ደግሞ አንድ አነስተኛ ጥናት ተካሂደዋል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አምስት፣ ስድስት፣ አምስትና ሦስት ዓመት ነው። እነዚህን አምስት ጥናቶች ጎን ለጎን የሚያቀርብ ግራፍ ያላየ የጤና ባለሙያ አይኖርም ለማለት ይቻላል፤ በብዙዎቹም ላይ አምስቱ ነጥቦች እንደ አጥር እንጨት በእኩል ርቀት ተተክለው ይታያሉ።

በመጀመሪያ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶችን ድርሻ እንመልከት። በአምስቱ ጥናቶች በቅደም ተከተል 5፣ 5፣ 10፣ 26 እና 48 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። በእኩል ርቀት በተሠራ ግራፍ ላይ ከ2011 እስከ 2016 ያለው ጭማሪ 16፣ ከ2016 እስከ 2019 ያለው ደግሞ 22 ነጥብ ስለሆነ ሁለቱ ዳገቶች የሚቀራረቡ ይመስላሉ። የኋለኛው ከቀዳሚው አንድ እጥፍ ከግማሽ እንኳ አይሞላም። አንባቢው «ሥራው በቀድሞው አኳኋን ቀጥሏል» ብሎ ያልፋል። ነገር ግን የመጀመሪያው ጭማሪ የተገኘው በአምስት ዓመት፣ ሁለተኛው ግን በሦስት ዓመት ነው። በዓመት ሲሰላ ከ3.2 ነጥብ ወደ 7.3 ነጥብ ተሸጋግሯል ማለት ነው፤ ይህም ከእጥፍ ይበልጣል። በየቀበሌው እናቶችን ወደ ጤና ጣቢያ ለማምጣት የተደከመበት ዘመን ውጤት በግራፉ አሠራር ምክንያት ተደብቆ ይቀራል።

ቀጥለን ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን ሞት እንመልከት። ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት መካከል የሟቾቹ ቁጥር በ2000 ጥናት 166፣ በ2005 123፣ በ2011 88፣ በ2016 67፣ በ2019 የመጨረሻ ሪፖርት ደግሞ 59 ነበር። የየጥናቱ ቅናሽ 43፣ 35፣ 21 እና 8 ነው። በእኩል ርቀት የተሠራው ግራፍ መጨረሻው ላይ ወደ ሜዳነት የተጠጋ መሥመር ያሳያል፤ «የሕፃናት ሞት መቀነሱን አቁሟል» የሚል አስተያየትም ከዚያ ለመነሣት አያዳግትም። በትክክለኛው ርቀት ሲሠራ ግን ቅናሹ በዓመት ከ4.2 ወደ 2.7 ዝቅ ማለቱን እንጂ መቆሙን አያሳይም። በመቶኛ ከተሰላ ደግሞ ከ2011 እስከ 2016 በዓመት 5.3 በመቶ ገደማ የነበረው ከ2016 እስከ 2019 ወደ 4.2 በመቶ ገደማ ወርዷል። መዘግየቱ እውነት ነው፤ ሊመረመርም ይገባዋል። መዘግየትና መቆም ግን የተለያዩ ምርመራዎች ናቸው፤ የሚታዘዝላቸውም ሕክምና የተለያየ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በመጀመሪያው ምሳሌ የተዛባው ግራፍ ስኬትን አሳንሷል፤ በሁለተኛው ድክመትን አጋንኗል። የተዛባ ግራፍ ሁልጊዜ ሪፖርት አቅራቢውን ይጠቅማል ማለት አይደለም። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ወቀሳ በአብዛኛው ሆን ተብሎ በሚደረግ ማታለል ላይ ሳይሆን በጥንቃቄ ጉድለት ላይ ያነጣጠረ ነው።

ጉዳዩን ጠለቅ ብሎ ለሚመለከት ሌላም ጥያቄ አለ። በእነዚህ ጥናቶች የሕፃናት ሞት የሚሰላው ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ላይ ተመሥርቶ ነው። እንግዲህ የ2016 ነጥብ የሚናገረው ስለ 2016 ብቻ ሳይሆን ከ2011 ጀምሮ ስላለው ጊዜ ነው። የ2016 እና የ2019 ጥናቶች የሚሸፍኑት ጊዜም በከፊል ይደራረባል። ነጥቡን በጥናቱ ዓመት ላይ ማስቀመጥ የተለመደና ተቀባይነት ያለው ነው፤ ዳሩ ግን ከግራፉ ሥር በአንድ ዐረፍተ ነገር «እያንዳንዱ ነጥብ ከጥናቱ በፊት ያሉትን አምስት ዓመታት ይወክላል» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ አንባቢ በ2015 የተጀመረ አንድ ፕሮግራም ያመጣውን ለውጥ በ2016 ነጥብ ላይ ሊፈልግ ይችላል።

የጥንት ስሕተት፣ የሐኪሞች ምሳሌ

ይህ ስሕተት በእኛ ዘንድ የተጀመረ አይደለም። ሃዋርድ ዌይነር የተባለው አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1984 «ዘ አሜሪካን ስታቲስቲሺያን» በተሰኘው መጽሔት ላይ መረጃን አበላሽቶ ስለማሳየት በምፀት በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ካቀረባቸው ምሳሌዎች አንዱ በ1979 በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ላይ የወጣ ግራፍ ነበር። ግራፉ የአሜሪካ ሐኪሞችን ገቢ ከሌሎች ባለሙያዎች ገቢ ጋር ያነጻጽራል፤ የሚጀምረው ከ1939፣ የሚያበቃው በ1976 ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ነጥቦች መካከል ስምንት ዓመት፣ በመጨረሻዎቹ መካከል ግን አንድ ዓመት ብቻ ሲኖር ሁለቱም በወረቀቱ ላይ እኩል ቦታ ተሰጥቷቸዋል። በዚህም ምክንያት የሐኪሞቹ ገቢ ቀጥ ባለ መሥመር፣ በዝግታ የሚያድግ መስሎ ታየ። ዌይነር ነጥቦቹን በትክክለኛ ቦታቸው ሲያስቀምጣቸው መሥመሩ በኋለኞቹ ዓመታት ሽቅብ የሚወረወር ሆኖ ተገኘ። በወቅቱ በእጅ የተሠራው ስሕተት ዛሬ በሶፍትዌር በየቀኑ ይደገማል።

አዋላጇ የምታውቀው ነገር

የጤና ባለሙያው ይህን መርሕ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። በየዕለቱ በወረቀት ላይ ይጠቀምበታል። ፓርቶግራፍን እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት ለረጅም ጊዜ ሲያሠራጨው በነበረው ፓርቶግራፍ ላይ የማስጠንቀቂያው መሥመር ከ4 ሴንቲሜትር ተነሥቶ በሰዓት አንድ ሴንቲሜትር እየጨመረ 10 ይደርሳል፤ የእርምጃው መሥመር ደግሞ በአራት ሰዓት ወደ ቀኝ ርቆ ይሄዳል። የሁለቱም መሥመሮች ትርጉም የተመሠረተው በአግድሙ ላይ ያለው እያንዳንዱ ካሬ አንድ ሰዓት በመሆኑ ላይ ብቻ ነው።

እንበልና አንዲት ወላድ አራት ጊዜ ተመረመረች። በመጀመሪያው ምርመራ የማኅፀኗ በር 4 ሴንቲሜትር ተከፍቷል፤ ከአራት ሰዓት በኋላ 6፣ በስድስተኛው ሰዓት 7፣ በሰባተኛው ሰዓት 8 ሆነ። አዋላጇ ነጥቦቹን በየሰዓታቸው ስታስቀምጥ ሁለተኛው ነጥብ ከማስጠንቀቂያው መሥመር በሁለት ሰዓት፣ አራተኛው በሦስት ሰዓት ወደ ቀኝ አልፎ ይገኛል፤ ከእርምጃው መሥመር ጋር የቀረው ልዩነት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። አሁን ደግሞ እነዚያኑ አራት ምርመራዎች በሰዓታቸው ሳይሆን በተራቸው፣ ማለትም እያንዳንዱን ምርመራ በሚቀጥለው ካሬ ላይ እናስቀምጣቸው። 4፣ 6፣ 7 እና 8 የሚሉት ነጥቦች ከማስጠንቀቂያው መሥመር በስተግራ፣ ምንም በማያሠጋው ወገን ይሰለፋሉ። ሴቲቱ ያችው ናት፤ የምርመራው ውጤትም ያው ነው። የተለወጠው የአግድሙ ርቀት ብቻ ነው።

በእርግጥ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር ምጥ ሁሉ በሰዓት አንድ ሴንቲሜትር መሄድ አለበት የሚለውን ሕግ ትቷል፤ በ2020 ያወጣው የምጥ መከታተያ ቅጽም ንቁውን የምጥ ጊዜ ከ5 ሴንቲሜትር ይጀምራል። ይሁን እንጂ በአዲሱም ቅጽ ላይ ሰዓት ሰዓት ነው፤ የምርመራ ተራ ቁጥር ቦታውን አልወሰደም።

የሕፃናት የዕድገት መከታተያ ካርድም እንዲሁ ነው። በካርዱ ላይ ወራቱ ቀድመው ታትመዋል። እናት ሦስት ወር ብትቀር ሦስቱ ወራት ባዶ ሆነው ይታያሉ። በአገራችን መደበኛ የክትባት ፕሮግራም መሠረት ሕፃኑ በተወለደበት ጊዜ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ ከዚያም በ9 ወሩ ይመጣል። በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት መካከል አራት ሳምንት ሲኖር በ14ኛው ሳምንትና በ9ኛው ወር መካከል ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ አለ። በአራቱ ሳምንታት 0.8 ኪሎ ግራም የጨመረ ሕፃን በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ገደማም 0.8 ኪሎ ግራም ብቻ ቢጨምር ካርዱ ላይ መሥመሩ ወደ ሜዳነት ሲለወጥ ወዲያው ይታያል። ይኸው ክብደት በኮምፒዩተር ተመዝግቦ በ«ላይን» ግራፍ ቢሠራ ግን ሁለቱ ዳገቶች ፍጹም እኩል ይሆናሉ፤ የቀነጨረው ሕፃንም በደኅና እንደሚያድግ ሆኖ ይታያል።

የፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና የሚከታተሉ ታካሚዎች የቫይረስ መጠን ምርመራም (በ6 ወር፣ በ12 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ፤ ከፍ ብሎ ከተገኘም ከሦስት ወር የምክር ክትትል በኋላ እንደገና) እንዲሁም የሳንባ ነቀርሳ ታካሚዎች የአክታ ምርመራ (በ2፣ በ5 እና በ6 ወር) በተፈጥሯቸው እኩል ያልሆነ ልዩነት አላቸው። ክሊኒካዊ መረጃ ማለት በአብዛኛው ይህ ነው። እኩል ልዩነት ያለው መረጃ እንጂ እኩል ያልሆነው እንግዳ ነገር አይደለም።

የዘመን አቆጣጠራችን የሚያመጣው ተጨማሪ ፈተና

የኢትዮጵያ ጤና ባለሙያ ከሌላው ዓለም ባልደረባው የተለየ አንድ ፈተና አለበት። የታካሚው ካርድ የሚሞላው በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሲሆን ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን ብቻ ነው። «ጥቅምት 30 ቀን 2012» በ«30/2/2012» መልክ ቢጻፍ ሶፍትዌሩ የካቲታቸው 30 ቀን ስለሌለው ቀን መሆኑን አይቀበልም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። «ጳጉሜን 5» በ«5/13/2011» መልክ ሲጻፍ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ወርን በሚያስቀድመው የአሜሪካውያን አጻጻፍ ከተስተካከለ ሜይ 13 ያደርገዋል። ቀኖቹ በጽሑፍነት ገብተው ሳለ «ስካተር» የተባለው ግራፍ እንኳ ቢታዘዝ ነጥቦቹን 1፣ 2፣ 3 እያለ በተራ ቁጥር ያስቀምጣቸዋል። ሠሪው ትክክለኛውን ግራፍ መርጦ ሳለ የተሳሳተ ሥዕል ይወጣለታል፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጠውም።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መመዝገብና በአራተኛው ዓምድ የቀን ብዛት ማስላት ይበቃል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ዓመቱን በ365 ማባዛት፤ በዚያ ላይ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚገኘውን ሙሉ ቁጥር (ቀሪውን ትቶ) መደመር፤ በዚያ ላይ ከወሩ አንድ ቀንሶ በ30 የተባዛውን መደመር፤ በመጨረሻ ቀኑን መደመር። ጳጉሜን እንደ 13ኛ ወር ይቆጠራል። በዚህ መንገድ የተገኙ ሁለት ቁጥሮች ሲቀናነሱ በመካከላቸው ያለው የቀን ብዛት ይገኛል። ከጥቅምት 30 እስከ ኅዳር 1 አንድ ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከነበራት ከ2011 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን እስከ መስከረም 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ድረስም አንድ ቀን ይወጣል። ከዚያ «ሕክምና ከተጀመረ ጀምሮ ያለው ቀን» የሚለውን ዓምድ በአግድሙ መሥመር ላይ ማዋል ነው። ይህ ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መለወጥን አይጠይቅም፤ የሌላውን አገር አንባቢም አያደናግርም።

ባዶ ቦታና የተለሰለሰ መሥመር

ከርቀቱ መዛባት ጋር ተያይዘው የሚመጡ ሁለት ሌሎች ጉድለቶችም አሉ። የመጀመሪያው ያልተሞላን ልኬት በዜሮ መተካት ነው። ኤክሴል ባዶ ሕዋስ ሲያገኝ ክፍት ቦታ እንዲተው፣ ዜሮ እንዲያደርገው ወይም ግራና ቀኝ ያሉትን ነጥቦች እንዲያገናኝ ሊታዘዝ ይችላል። ሪፖርት ያልላከ ጤና ጣቢያ በዜሮ ከተቀመጠ በግራፉ ላይ የወባ ሕሙማን በድንገት ጠፍተው በሚቀጥለው ወር በድንገት ይመለሳሉ። ሪፖርት አለመድረሱና በሽታው አለመኖሩ አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው መሥመሩን ማለስለስ ነው። ነጥቦች ተራርቀው ሲገኙ ሶፍትዌሩ የሚሥለው ለስላሳ ጠመዝማዛ መሥመር በመካከላቸው ያልተለኩ ከፍታዎችንና ዝቅታዎችን ሊፈጥር ይችላል። ክትባት ያገኙ ሕፃናት ድርሻ ከ100 በመቶ በላይ ሲወጣ፣ የሕሙማን ቁጥርም ከዜሮ በታች ሲወርድ የሚታይባቸው ግራፎች የሚወለዱት በዚህ መንገድ ነው። የተለካውን በጉልህ ነጥብ ማሳየት፣ ነጥቦቹንም በቀጥታ መሥመር ማገናኘት ከሁሉ ይልቅ ታማኝ ነው። ነጥቡ ካልታየ አንባቢው አሥር ዓመት የሚሸፍን መሥመር በሁለት ልኬት ብቻ የተሠራ መሆኑን ማወቅ አይችልም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«ዓመቱ ከመሥመሩ ሥር ተጽፏል፤ አንባቢው ያነብበዋል» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ይህ መልስ የግራፍን ጥቅም ራሱን ይክዳል። ግራፍ የሚሠራው ዓይን ዳገትና ቁልቁለትን ከቁጥር ቀድሞ ስለሚያይ ነው። በስብሰባ አዳራሽ ለግማሽ ደቂቃ የሚታይን ስላይድ ተመልካች ዓመታቱን እየቀናነሰ እንዲያርም መጠበቅ ተገቢ አይደለም። አንባቢው ቁጥሮቹን ራሱ ማስላት ካለበት ሠንጠረዥ በቂው ነበር።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። ልኬቶቹ መጀመሪያ ላይ ተጠጋግተው መጨረሻ ላይ ሲራራቁ፣ ለምሳሌ አንድ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ በግማሽ፣ በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እና በ24 ሰዓት ደም ሲወሰድ፣ ትክክለኛው ርቀት የመጀመሪያዎቹን ነጥቦች በግራ ጠርዝ ላይ አጨናንቆ የማይነበቡ ያደርጋቸዋል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። መፍትሔው ግን ርቀቱን መሰረዝ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ለብቻ አስፍቶ በሁለተኛ ግራፍ ማሳየት ይቻላል፤ ወይም የአግድሙን መሥመር በሎጋሪዝም መለኪያ ሠርቶ ይህንኑ በግልጽ መጻፍ ይቻላል። በሎጋሪዝም መለኪያ ላይ ዜሮ ሰዓት ቦታ እንደሌለው ግን መዘንጋት የለበትም። በሁለቱም መንገድ ርቀቱ ሕግ አለው፤ ሕጉም ለአንባቢው ተነግሮታል።

በእኩል ርቀት መደርደር ተገቢ የሚሆንበት ቦታም አለ። ሆስፒታሎችን፣ ክልሎችን ወይም የደም ዓይነቶችን ስናነጻጽር በመካከላቸው የቁጥር ርቀት ስለሌለ እኩል ቦታ መስጠት ትክክል ነው። እዚያ ላይ ግን ነጥቦቹን በመሥመር ማገናኘት ትርጉም የለውም። ከጊዜ ውጭ ያሉ መለኪያዎችም፣ ለምሳሌ የመድኃኒት መጠንና የቦታ ከፍታ፣ ቁጥሮች ስለሆኑ እንደ ጊዜው ሁሉ ርቀታቸው ሊጠበቅ ይገባል። ዕድሜን «ከ1 በታች፣ ከ1 እስከ 4፣ ከ5 እስከ 14፣ ከ15 እስከ 49» ብለን ስንከፍልም ምድቦቹ የሚሸፍኑት ዓመት እኩል አለመሆኑን ማስታወስ፣ ቁጥሩንም በየምድቡ ካለው ሕዝብ ጋር ማመዛዘን ያስፈልጋል።

ምን ይደረግ?

የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዎች፣ የመጽሔት አዘጋጆችና ገምጋሚዎች፣ እንዲሁም በየደረጃው ሪፖርት የሚያጸድቁ ኃላፊዎች የስታቲስቲክስ ፈተናውን ስምና የፒ ዋጋውን በጥብቅ ይመረምራሉ። ግራፉን ግን እንደ ጌጥ አይተው ያልፉታል። ከጽሑፉ ይልቅ የሚታወሰው ግራፉ ሆኖ ሳለ ትንሹ ቁጥጥር በእርሱ ላይ መሆኑ ተገቢ አይደለም። ጊዜን የሚያሳይ ማንኛውም ግራፍ ከመጽደቁ በፊት የሚከተሉት ጥያቄዎች ቢጠየቁ ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት ጉድለቶች አብዛኞቹ ይወገዳሉ።

1. ልኬቶቹ የተወሰዱት በእኩል የጊዜ ልዩነት ነውን? ካልሆነ በአግድሙ መሥመር ላይ ያለው ርቀት ልዩነቱን ያሳያልን?

2. የተለኩት ነጥቦች በጉልህ ይታያሉን? ወይስ የሚታየው መሥመሩ ብቻ ነው?

3. ያልተለካው ጊዜ ባዶ ሆኖ ይታያልን? ወይስ በዜሮ ተተክቷል?

4. ነጥቡ የአንድ ቀን ልኬት ነው ወይስ የተወሰኑ ዓመታት አማካይ? ይህ ከግራፉ ሥር ተጽፏልን?

5. ቀኖቹ የተመዘገቡት በየትኛው የዘመን አቆጣጠር ነው? ሶፍትዌሩስ በቁጥርነት ተቀብሏቸዋልን?

ሠሪው ራሱ ሊያደርገው የሚችል ቀላል ፈተናም አለ። ከግራፉ ላይ ሁለት አጎራባች ክፍሎችን መርጦ ልዩነቱን ለዓመታቱ ወይም ለወራቱ ብዛት ያካፍል። ስሌቱ ከፍተኛ ፍጥነት የሚሰጠው ክፍል በግራፉም ላይ ይበልጥ ቀጥ ያለው ካልሆነ ግራፉ ተሳስቷል። የተቋም ወሊዱንም የሕፃናት ሞቱንም ግራፍ በዚህ መንገድ መፈተን ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድም። የሚቀጥለውን የሩብ ዓመት ሪፖርት ለማዘጋጀት የተቀመጠ የሥራ ባልደረባ ሁሉ ይህን ሁለት ደቂቃ እንዳይነፍገው አደራ እላለሁ።